ስሙ ወደ አሮጌው ቤት የሚጠቁምበት ነጋዴ

አንድ የወፍጮ ድንጋይ ነጋዴ ነበረ።

ቁጭ በል እንጂ ጌታነህ፣ ቆመህ የሚሰማ ነገር አይደለም። ጥያቄህን ሰምቻለሁ። «አባ፣ እኅቴን በልቤ ይቅር ብያታለሁ፤ ይህ አይበቃም ወይ? የግድ እኔ ታላቅየው ሄጄ ልንገራት?» ነው ያልከኝ። «ይበቃል» ወይም «አይበቃም» ብዬ ብመልስልህ ከግቢው በር ሳትወጣ ትረሳዋለህ። ስለዚህ የነጋዴውን ነገር ልንገርህና ራስህ ፍረድ።

ይህ ነጋዴ ስሙ የታወቀ ሰው ነበር። ቆላ ይሁን ደጋ፣ ወፍጮ ያለው ሁሉ ድንጋዩ ሲያልቅበት ወይም ሲሰበርበት «እሱ ዘንድ ሂድ» ይባላል። ሚስቱ የሞተችው ልጃቸው ገና ድክ ድክ ሲል ነው። ሌላ ሳያገባ፣ የእንጀራ እናት ሳያመጣበት፣ አንድ ልጁን በገዛ እጁ እያጎረሰ አሳደገው። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምነግርህ ኋላ ላይ ቶሎ እንዳትፈርድበት ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ ምሳሌ አላደርገውም ነበር፤ በክፉ ሰው ታሪክ ውስጥ ማን ራሱን ያገኛል?

ልጁ አደገና ከአባቱ ጎን ቆሞ መሥራት ጀመረ። አንድ ቀን «አባዬ፣ የዛሬ ሰው ዕቃ የሚፈልገው በኢንተርኔት ነው። ስምህን እዚያ እናስመዝግበው» አለው።

«ስሜ ያልተመዘገበበት የት አለና? ቀበሌው ያውቀኛል፣ እድሩ ያውቀኛል፣ ባለ ወፍጮ ሁሉ ያውቀኛል። ደግሞ ምን ቀረ?»

ልጁ ሳቀና ራሱ አስመዘገበው። እንዲህ ያለውን ስም ዶሜይን ይሉታል። አንዴ ከያዝከው በየዓመቱ እያደስከው የአንተ ብቻ ይሆናል፤ ሳታድሰው ከቀረህ ይሞታል። አባትየው ከስልክ መደወል በቀር ሌላ ስለማያውቅ ስሙ የተመዘገበው በልጁ ኢሜይልና በልጁ ስልክ ቁጥር ነበር። ከዚያም ልጁ ድረ ገጽ ሠራለት። የድንጋዮቹን ፎቶግራፍ ደረደረበት፣ ከግርጌው የአባቱን ስልክ ጻፈበት። ድረ ገጹ የሚቀመጥበትንም ቦታ ተከራየለትና አባቱ ወደፊት እንዳይቸገር ብሎ የብዙ ዓመት ኪራይ አስቀድሞ ከፈለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በል፤ እኔም ሰው አስረድቶኝ ነው ያወቅሁት። ስሙ አንድ ነገር ነው፣ ድረ ገጹ ያለበት ቤት ሌላ ነገር ነው። ሰው ስሙን ሲጽፍ «የዚህ ሰው ቤት በዚህ በኩል ነው» ብሎ መንገድ የሚያሳይ በመካከል አለ። ኔምሰርቨር ይባላል። ስሙ በተመዘገበበት ቦታ ሁለት መስመር ሆኖ ተጽፎ ይቀመጣል፣ ሌላ ምንም አይደለም። ቤትህን ብትለውጥ፣ ከአሮጌው የሚበልጥ አዳራሽ ብታሠራ፣ እነዚያን ሁለት መስመሮች እስካልቀየርክ ድረስ ስምህን የጠራ እንግዳ ሁሉ የሚላከው ወደ አሮጌው ቤት ነው።

እንግዲህ በአንድ የገበያ ቀን ከሩቅ አገር የመጣ ባለ ወፍጮ አንድ ድንጋይ መርጦ ሊያስጭን ሲል፣ ልጁ በመዶሻ ነካ ነካ አደረገው። ጆሮውን ሰጥቶ አዳመጠና «ይቅርብህ ጋሼ፣ ይሄ ውስጡን ስንጥቅ አለበት» አለ። ይህን ያለው በገበያተኛው ሁሉ ፊት ነው። የአባትየው ደም ፈላ።

«እኔ ድንጋይ ስሸጥ አንተ አልተወለድክም!»

«አባዬ፣ ድምፁን ስማው እስቲ።»

«ከእንግዲህ ያንተን ድምፅ አያሰማኝ!» አለ ነጋዴው፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት።

በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። አባትና ልጅ ያልተቃየሙበት ቤት የት አለ? ነገር ግን ነጋዴው በንዴቱ ላይ እልህ ጨመረበት። ኮምፒውተር የሚነካካ አንድ ወዳጁን ጠራና ጋዜጣ ላይ የሚወጣውን ዓይነት ማስታወቂያ አጻፈው። ታውቀዋለህ፤ ስንቱን ሰው እንደ ሌባ ያቆሙበታል። ከላይ የልጁ ፎቶግራፍ፣ ከሥሩ ደግሞ እንዲህ የሚል፦ «ፎቶግራፉ ከላይ የሚታየው ግለሰብ ከዛሬ ጀምሮ ከእኔም ሆነ ከድርጅቴ ጋር ምንም ዓይነት ግንኙነት የሌለው መሆኑን አስታውቃለሁ።» ልጁ በሠራው ድረ ገጽ፣ ልጁ ባስመዘገበው ስም፣ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ተለጠፈ። ወዳጁም የገጹን ቁልፍ፣ የይለፍ ቃሉን፣ በዚያው ለወጠው።

ልጁ ማስታወቂያውን ባየ ማግስት ልብሱን በትንሽ ሻንጣ ይዞ ወጣ። ሲወጣ ጎንበስ ብሎ የአባቱን ጉልበት ሊስም ነበር። አባትየው ጉልበቱን ሰበሰበ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ በዚያው ተለያዩ።

ያንን ድንጋይ ነጋዴው ለሌላ ሰው ሸጠው። ክረምቱ ሳይወጣ ድንጋዩ እየዞረ ሳለ ለሁለት ተከፈለ። ስባሪው ግድግዳውን ነድሎ ገባ፤ እህሏን ለማስፈጨት ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣ የነበረች ሴት ውሃ ልትጠጣ ገና መነሣቷ ነበር። ባለ ወፍጮው ስባሪውን በጋሪ ጭኖ አምጥቶ ከነጋዴው ደጃፍ አራገፈውና ሄደ። ነጋዴው ስባሪውን ገልብጦ አየው። አሮጌው ስንጥቅ ጠቁሮ፣ ከመካከል እስከ ዳር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ልጁ በጆሮው የሰማውን እሱ አሁን በዓይኑ አየ።

የወላድ አንጀት ነውና ያን ቀን ተንሰፈሰፈ። የልጁን የልጅነት ጫማ ከሳጥን አውጥቶ ይዞ ሲያለቅስ ጎረቤት ሰምቶታል። በልቡ ይቅር አለ፤ እንዲያውም ይቅርታ የሚገባው ራሱ መሆኑን ተረዳ። ተመልከት ጌታነህ፣ ይህ ሰው ካንተ አልፎ ሄዷል። አንተ ገና «ይቅር ብያታለሁ» ላይ ነህ።

ማስታወቂያውን ለማንሣት ወዳጁን ቢፈልገው አገር ለቆ ሄዷል፣ ቁልፉንም ይዞት ሄዷል። ስለዚህ አንዲት ባለሙያ ጠርቶ «አዲስ ሥሪልኝ፤ ያ አሮጌው ዓይኔ እንዳያየው» አላት። ሠራችለት። ከመጀመሪያው ገጽ ላይ ድንጋይ አልነበረም፣ ዋጋ አልነበረም። እሱ እየነገራት፣ እሷ እየጻፈች ይህ ብቻ ሰፈረበት፦ «ልጄ፣ ድንጋዩ እንዳልከው ስንጥቅ ነበረበት። ጥፋቱ የእኔ ነው። ቤትህ ክፍት ነው፣ ና።»

ጽፋ ስትጨርስ ባለሙያዋ ራሷ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ እንዲህ አለችው፦

«ጋሼ፣ ቤቱ አልቋል። የቀረው ስሙን ወደዚህ ማዞር ነው። ለዚያ ስሙ የተመዘገበበት ቦታ መግባት አለብን። የዚያኛው ቁልፍ ያለው ልጅዎ ጋ ነው፤ ማረጋገጫውም የሚመጣው በሱ ስልክ ነው። አንድ ጊዜ ይደውሉለት። ሁለት መስመር ነው የምንቀይረው።»

ነጋዴው ጋቢውን አስተካከለ። «ስሙ የማን ነው?»

«የእርስዎ ነው።»

«የእኔ ከሆነ እኔ የሄድኩበት ይከተለኛል እንጂ የት ይቀራል?»

«አይከተልም ጋሼ። ካልነገሩት አይከተልም።»

«ስሚ ልጄ፣ እኔ አባት ነኝ። ‘ና’ ብዬ አጽፌያለሁ፣ ‘ጥፋቱ የእኔ ነው’ ብዬ አጽፌያለሁ። ከዚህ በላይ አባት ምን ይሁን? ደውሎ ልጁን ቁልፍ ይለምን? እሱ አንብቦ ይምጣ፤ ቁልፉንም ያን ጊዜ ይዞት ይመጣል።»

«ካልዞረ እኮ አያነበውም።»

«ያነበዋል» አለ ነጋዴው።

እሷም ምን ታድርግ? «እንግዲያው እስኪደውሉለት ድረስ እርስዎ በዚህ በኩል ይዩት» ብላ፣ ስሙን ሳይነካ በቁጥር ብቻ በቀጥታ ወደ አዲሱ ቤት የሚያስገባውን መንገድ ስልኩ ላይ አስቀምጣለት ሄደች።

አትፍረድበት ብዬሃለሁ። በአገራችን ታናሽ ነው የሚመጣው። ሽማግሌ ይልካል፣ ድንጋይ ተሸክሞ ከደጅ ይቆማል፣ ከዚያ ታላቁ «ተነሥ ልጄ» ይላል። ታላቁ ግን ከወንበሩ አይነሣም፤ ቢነሣ የተዋረደ ይመስለዋል። ነጋዴው ለድረ ገጹ የነገረውን ያህል ለልጁ ጆሮ ሊናገር አልቻለም። ግድግዳ ላይ መጻፍ ቀለለው። ያንተም ደም ይህንን ያውቀዋል፤ አሁንም «ታላቅየው» ስትለኝ ሰምቼሃለሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነጋዴው ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ስልኩን አውጥቶ ያያል። «ልጄ… ቤትህ ክፍት ነው፣ ና» የሚለው ቁልጭ ብሎ ይታየዋል። ልቡ ይሞቃል። «ዛሬ ያነበው ይሆናል» ይላል። ሲመሽ «ኩሩ ልጅ ነው፣ የኔው ደም፤ ነገ ይመጣል» ይላል። የልጁን አልጋ አስነጠፈ። አውቶቡስ ሲገባ ወደ መናኸሪያው መንገድ ያያል። ዓመት ሄደ፣ ሌላም ዓመት መጣ። ቀስ በቀስ ደግሞ ቅር ይለው ጀመር። «ይህን ሁሉ ብዬው እንዲህ ይጨክናል?» እያለ ልጁን በልቡ ይወቅስ ጀመር። የሚያየው የገዛ ራሱን ልብ ብቻ እንደሆነ አላወቀም።

ሰውስ አይነግረውም ነበር? እሱ ነው የሚያንገበግበው። ስሙን የጻፈ ባለ ወፍጮ ሁሉ የሚከፈትለት አሮጌው ቤት ነው፣ ያ ፎቶግራፍ፣ ያ ማስታወቂያ። ያዩታል፣ ያዝናሉ፣ ከግርጌው ስልክ ቁጥሩን ወስደው ይደውላሉ፣ ድንጋይ ያዛሉ። ስለ ልጁ ግን አንድም ሰው አያነሣም። ይሉኝታ ነዋ! የሰው ቁስል እንዴት ይነካል? እርስ በርሳቸው ግን «ድንጋይ ሲሸጥ ኖሮ ድንጋይ ሆነ» ይባባሉ ነበር። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እኔ ግን ሲነቅዝ አይቻለሁ።

አንድ ቀን አንድ የቆየ ደንበኛው ደወለ። ሰላምታውን ከጨረሰ በኋላ «ደግ አደረጉ ጋሼ» አለው።

«ምኑን?»

«ያን ማስታወቂያ ማንሣትዎን ነዋ። ትናንት ስከፍተው ምንም የለም፣ ጠፍቷል። የአባት ነገር፣ መቼም አንጀትዎ አልቻለም አልኩ።»

ነጋዴው ሳቀ። «የትኛው ማስታወቂያ? እሱማ ከተነሣ ስንት ጊዜው!»

«ኧረ ጋሼ፣ እስከ ባለፈው ድረስ ነበረ።»

«ምን ነበረ?»

«የልጅዎ ፎቶ… ‘ምንም ግንኙነት የለውም’ የሚለው።»

ነጋዴው ከወንበሩ ተነሣ። «ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ስትደውልልኝ ለምን አልነገርከኝም?»

«ይሉኝታ ያዘኝ ጋሼ» አለ ደንበኛው።

ነጋዴው ስልኩን ዘግቶ ገጹን በዚያ በቁጥሩ መንገድ ከፈተው። «ና» የሚለው እንዳለ አለ። ስልኩን ይዞ ወደ ጎረቤት ሱቅ ሄደና «እስቲ ስሜን ጻፈው» አለው ባለሱቁን። ባለሱቁ ጻፈ። ምንም አልከፈት አለ። ነጋዴው ከበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠ። ባለሙያዋን ጠራት።

እሷም አየችና «ስሙ አልታደሰም ጋሼ፤ ጊዜው አልፎበት ሞቷል። በየዓመቱ ሲታደስ ኖሮ ነው ዘንድሮ የቀረው» አለችው።

«ማን ነው ሲያድሰው የኖረው? እኔ አላደስኩም።»

«ቁልፉ ያለው ሰው ነዋ። ልጅዎ።»

ይህን ሲሰማ የተሰማውን እኔ ልነግርህ አልችልም። በዚያ ስም ላይ ተሰቅሎ የተዋረደው ልጅ፣ ያንን ስም በየዓመቱ ከኪሱ ከፍሎ በሕይወት ሲያቆየው ኖሯል። ቁልፉ በእጁ ነበር። ስሙን ወደ ባዶ ሜዳ አዙሮ ፊቱን ከዚያ ግድግዳ ላይ ሊያወርድ ይችል ነበር። ሳያድስ ትቶት ሊገድለው ይችል ነበር። ይህን ሁሉ አላደረገም።

ነጋዴው ያን ጊዜ ደወለ። ልጁ ከወጣ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ቁጥሩን ነካ። ስልኩ ጠራ። ሲጠራ ሲሰማ «ተመስገን» አለ።

ያነሣው ሌላ ሰው ነበር። ልጁ ቆላ ወርዶ ከአንድ ወፍጮ ቤት ተቀጥሮ ሲሠራ አብሮት ያድር የነበረ ሰው።

«ልጄን አገናኘኝ፤ አባቱ ነኝ።»

«አባቱ ነኝ አሉኝ?» አለ ሰውዬው፣ በክፋት ሳይሆን ግራ ገብቶት። «ጋሼ… ወባ ነው የጣለው። በመኸር ጊዜ ነበር። ሁለት ቀን አተኮሰው፣ በሦስተኛው አረፈ። እኛው ቀበርነው።»

«ለምን አልነገራችሁኝም? ስልኬ ገጹ ላይ ነበር! ለምን?»

«ፈልገን ነበር ጋሼ። ስምዎን ጽፈን ከፈትነው። ‘ምንም ዓይነት ግንኙነት የለውም’ ይላል፣ ከነፎቶው። ታዲያ ለማን ብለን እንደውል?»

ሰውዬው ልጁን ይወደው ነበር። «እሱ እኮ ያንን ገጽ ሁልጊዜ ይከፍተው ነበር» አለ። «ይከፍትና ‘አልተነሣም’ ይላል፤ ይዘጋዋል። ‘ይህን ስም ምን ብለህ ታድሰዋለህ? ተወው ይጥፋ’ ብለው፣ ‘የአባቴ ስም ነው፣ በኔ እጅ አይጠፋም። ደግሞ አንድ ቀን ያነሣው ይሆናል፤ ያን ቀን እሄዳለሁ’ አለኝ።»

እንግዲህ አየህ፤ አንዱ በዚህ በኩል፣ ሌላው በዚያ በኩል፣ አንዱን ስም ይዘው ዓመታት ተቀምጠዋል። አባት «አንብቦ ይምጣ» ይላል፣ ልጅ «ያንሣውና እሄዳለሁ» ይላል። በመካከላቸው ሁለት መስመር ብቻ ነበረ። አንድ ስልክ ብቻ ነበረ።

የሞተው ስም ባለቤት አልባ ሆኖ ለማንም ክፍት ሲሆን ባለሙያዋ በነጋዴው ስም መልሳ ያዘችው። ከፊቱ ተቀምጣ ሁለቱን መስመሮች ለወጠቻቸው። አንድ ሰው ጫማውን እስኪያስር ያህል እንኳ አልፈጀም። ነጋዴው አፍጥጦ ያይ ነበር። «ይህ ነው?» አላት። «ይህ ነው ጋሼ» አለችው። «በቃ ይህ ነው?» ብሎ ደገመ። ከዚያ እንዳልነበረ ሆኖ አለቀሰ፤ ሰው ደግፎ ወደ ቤቱ ወሰደው።

ዛሬ ያንን ስም ብትጽፈው ይከፈታል። ከቆላም ከደጋም የሚጽፈው ሁሉ «ልጄ… ቤትህ ክፍት ነው፣ ና» የሚለውን ያነባል። ዓለም ሁሉ ተጠርቷል። የሚመጣ ግን የለም።

አሁን ወዳንተ ልመለስ ጌታነህ።

ልብህ አዲሱ ቤት ነው። ይቅርታው እዚያ እንዳለ አምንሃለሁ፤ ስትነግረኝ ዓይንህን አይቻለሁ። ግን አንተ ወደዚያ የምትገባው ማንም በማያውቀው በራስህ መንገድ ነው። እኅትህ ይህ መንገድ የላትም። እሷ ያላት ስምህ ብቻ ነው። «ወንድሜ» ብላ ስትጠራው የሚከፈትላት ምንድን ነው? በእናታችሁ ተዝካር ላይ፣ በዚያ ሁሉ ድንኳን ፊት፣ «ከእንግዲህ እኅት የለኝም» ያልካት ነው። ያ ቃል እስከ ዛሬ አልተነሣም። ዘመድ ሁሉ ያየዋል፣ በይሉኝታ ማንም አይነግርህም፤ እኔ ነገርኩህ። ልብህ ቤቱ ከሆነ አንደበትህ መንገዱን የሚያሳየው ነው። እሱን ካላዞርከው ይቅርታህ አንተ ብቻ የምታነበው ጽሑፍ ነው። «ታናሽ ናት፣ እሷ ትምጣ» ትላለህ። ወዴት ትምጣ? የምታውቀው ቤት የተዘጋውን ነው።

«ብደውልላት ባታነሣስ?» ልትለኝ ነው። ላታነሣ ትችላለች። ታነሣለች ብዬ ልሸነግልህ አልችልም፤ አሮጌው ነገር መንገዱ ከዞረ በኋላም በሰው ልብ ውስጥ ይቆያል። ግን እሷ ቢያንስ በሕይወት አለች።

ነጋዴው ባለፈው እዚሁ አንተ የተቀመጥክበት ላይ ተቀምጦ ነበር። ስልኩን ከፍቶ ገጹን አሳየኝ። «አባ» አለኝ፣ «መንገዱ አሁን ተስተካክሏል። እሱ ካለበት ቦታ ይታየው ይሆን?» ይህን ያህል ዘመን መጽሐፍ ስገልጥ ኖሬ አንዲት ቃል አጣሁለት። እጁን ያዝኩት።

ያንን ጥያቄ ይዘህ አትምጣብኝ ልጄ። ተነሥና ከዚያ ከግቢው ዛፍ ሥር ሄደህ ደውልላት።